«አልገባኝም» ከሚለው ቃል በኋላ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ ሳሎን ውስጥ ስድስት ሆነን ተቀምጠናል። ቡናው አቦሉን አልፎ ቶና ላይ ደርሷል። ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ የተጣጠፈ ፎቶ ኮፒ አለ፤ የሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት»። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው የግጥም መድበል ነው። ተራ በተራ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ልናነብ፣ አንብበን ስንጨርስም የተሰማንን ያለ ይሉኝታ ልንናገር ተስማምተናል።

የመጀመሪያው ተራ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ለሆነው ወጣት ደረሰው። ግጥም በሙዚቃ ታጅቦ በሚቀርብባቸው ምሽቶች መድረክ ላይ መቆም የለመደ ልጅ ነው። ቆም እያለ፣ አጭሩን ስንኝ በአጭሩ፣ ረጅሙን በረጅሙ እየተነፈሰ አነበበ። ሲጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ግጥሙ የሚጀምረው መቼ ነው?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር የጠየቁት። ጆሯቸው የጠበቀው አልመጣላቸውም። ከጎናቸው የተቀመጠችው ነርስ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ለእኔም አልገባኝም» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ ወደ ልጁ ዞረች። «ግን እስቲ ድገመው።»

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ ያቺ ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር ናት። አዲስ አጻጻፍ ይዞ የመጣ የመጀመሪያ መድበል ከአንባቢ ጋር ሲገናኝ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ብዙውን ጊዜ «አልገባኝም» ነው። ቀጥሎ «ድገመው» የሚል ሰው ከተገኘ መጽሐፉ አንባቢ አገኘ ማለት ነው። ካልተገኘ ግን መጽሐፉ ይታተማል፣ ይመረቃል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ሰውየውና መጽሐፉ

ሰሎሞን ደሬሳ እ.ኤ.አ. በ1937 ወለጋ፣ ጩታ በምትባል ቦታ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ለትምህርት ፈረንሳይ ሄዶ ተመለሰ፤ በሬዲዮና በመጽሔት ሠራ። በእንግሊዝኛ ይታተም በነበረው «አዲስ ሪፖርተር» መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 ከገዳሙ አብርሃ ጋር የጻፈው መጣጥፍ በባህላዊው አስተዳደግና በዘመናዊው ትምህርት መካከል የቆመውን ኢትዮጵያዊ የሚመረምር ነበር። ያ ጥያቄ የእሱም፣ የትውልዱም ጥያቄ ነው።

ያ ዘመን በኪነ ጥበቡ በኩል የተናጠ ዘመን ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሮ ተመልሶ ሸራው ላይ ሰውና ዛፍ ለሚፈልግ ተመልካች ቀለምና ቅርጽ ብቻ አሳይቶ ነበር። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ከፓሪስ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1962 ዓ.ም. የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ታተመ፤ ታሪክን ቀጥ ባለ መስመር ለመከተል የለመደ የልብ ወለድ አንባቢ «ከበደኝ» ያለው መጽሐፍ ነው። በዓመቱ፣ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» ተከተለ።

መጽሐፉ ክርክር አስነሣ። የአማርኛ ግጥም ለዘመናት የቆመበትን ምጣኔና ቤት መምቻ እንደ ግዴታ አልተቀበለም፤ ስንኙ እንደ ሐሳቡና እንደ ትንፋሹ ይረዝማል፣ ያጥራል። አንዳንዱ አንባቢ አዲስ በር ተከፈተ አለ። ሌላው ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ እንጂ የእኛ ግጥም አይደለም አለ። ሰሎሞን ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ አቀና፤ ኑሮውንም በሚኒያፖሊስ አደረገ። ሁለተኛው መድበሉ «ዘበት እልፊቱ ወለሎታት» የታተመው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ በሁለቱ መካከል ሃያ ስምንት ዓመት አለ። በ2010 ዓ.ም. እዚያው ሚኒያፖሊስ ዐረፈ።

ጆሮ የጠበቀው

የጋሼን ጥያቄ ለመረዳት ጆሯቸው ምን ሲሰማ እንደኖረ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙው የአማርኛ ግጥም የሚጻፈው «የወል ቤት» በሚባለው ምጣኔ ነው። አንዱ ስንኝ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም (በአንድ ምት የሚነገር የድምፅ ክፍል) ይይዛል፤ መጨረሻው ላይ ቤት ይመታል። አምስት አምስት ቀለም ያለው «ሰንጎ መገን»፣ አራት አራት የሚሄደው «ቡሄ በሉ»ም አሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐረጉን ወደ ስምንት ቀለም ሲያሰፋው አዲሱ ምጣኔ በስሙ «የጸጋዬ ቤት» ተብሎ ተጠራ። ጸጋዬ ቤቱን አሰፋው፤ ግድግዳውን ግን አላፈረሰውም። የግጥም መድበሉ «እሳት ወይ አበባ» ከ«ልጅነት» ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. ወጣ።

ልዩነቱ በምሳሌ ይታይ። ለማስረዳት ብዬ ራሴ የገጠምኳቸው ሁለት ስንኞች እነሆ፦

ከደጅ የቆመ ሰው፣ በሩን አንኳኳና
ማንም ሳይከፍትለት፣ ሄደ እንደገና።

ቁጠሯቸው፤ ስድስት ስድስት ነው። ቤቱም በ«ና» ይመታል። የመጀመሪያውን ስንኝ የሰማ ጆሮ ሁለተኛው የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሲያርፍለት ደስ ይለዋል። ሰውየው ሄዷል፤ ነገሩ አልቋል። ያንኑ ነገር ያለ ምጣኔ ልጻፈው፦

አንኳኳ።
ቤቱ ዝም አለ።
እሱ ግን
እስካሁን ከደጅ ነው።

እዚህ ቤት መምቻ የለም። «እሱ ግን» ብሎ ስንኙ ሲቆረጥ አንባቢውም አብሮ ይቆማል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቅም። ሰውየውም አልሄደም፤ ግጥሙ ካለቀ በኋላ እንኳ በሩ ላይ ነው። በመጀመሪያው ውስጥ የነበረው የመዘጋት ደስታ ጠፍቷል፤ በምትኩ የመጠበቅ ስሜት ገብቷል። ሁለቱም ግጥም ናቸው፤ ከአንባቢ የሚጠይቁት ግን ይለያያል። የመጀመሪያው ጆሮን አስቀድሞ ያደላድላል፣ ሁለተኛው ጆሮ ራሱ ምቱን ፈልጎ እንዲያገኝ ይተወዋል።

ደግሞ ቃሉ ራሱ ነገር አለው። «ግጥም» ከ«ገጠመ» የወጣ ነው፤ ሁለት ነገሮች ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ገጠሙ እንላለን። እንግዲህ ያልገጠመ የሚመስል ነገር «ግጥም» ተብሎ ሲቀርብለት የሚደነግጥ አንባቢ ከቋንቋው ጋር አብሮ የደነገጠ ነው። የጋሼ ጥያቄ ካለማወቅ የመጣ አልነበረም፤ ዕድሜ ልካቸውን ካካበቱት እውቀት የመጣ ነው። አዲስ ነገር የሚጽፍ ገጣሚ ይህን ዓይነቱን አንባቢ ሊንቀው አይገባም። የሚለወጠው ምት ምን እንደሆነ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነውና።

ሁለት ዓይነት ቅሬታ

በ1960ዎቹ መግቢያ አዲስ ዓይነት ግጥም የሚጽፍ ሰው ከሁለት ወገን ይጠየቅ ነበር። አንደኛው የጆሮ ጥያቄ ነው፤ አሁን ያየነው። ሁለተኛው የጊዜው ጥያቄ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ግጥም አደባባይ ወጥቶ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል»ን አቀረበ። በ1959 ዓ.ም. ገሞራው በሚል ስም የሚታወቀው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም»ን አሰማ። ከዚያ በኋላ ግጥም ሲነበብ ተማሪው የሚጠብቀው የድሀውን፣ የገበሬውን፣ የተበደለውን ድምፅ ነበር። አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ዓመታት በቀሩበት ወቅት ወደ ውስጥ የሚመለከት፣ የግል ትዝታንና የግል ስሜትን የሚመረምር፣ ለመፈክር የማይመች ግጥም ይዞ መምጣት ቀላል አልነበረም። አንዱ አንባቢ «ቤቱ አይመታም» ሲል ሌላው «ለማን ነው የተጻፈው?» ሊል ይችላል።

ይህን ያነሣሁት ሁለቱ ቅሬታዎች ዛሬም ስላሉ ነው። በሳሎናችን ውስጥ ሳይቀር ተሰሙ። ከመካከላችን አንዲት የባንክ ሠራተኛ አገር እንዲህ በተጨነቀችበት ጊዜ ሰው ስለ ራሱ ውስጥ እንዲህ የተወሳሰበ ነገር ሲጽፍ ትዕግሥቷ እንደሚያልቅ ነገረችን። ወጣቱ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፍቶ ተወው። እኔም ያን ዕለት አልመለስኩላትም፤ አሁን ግን የማምነውን ልበል። በችግር ዘመን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል እንዲናገር ይገፋፋል። ያኔ የራሱን የትንፋሽ ልክ ጠብቆ የሚናገር አንድ ሰው መኖሩ ለሌሎቻችንም የራሳችን ድምፅ እንዳለን ያስታውሰናል። ይህ ጥቅም ወዲያው አይታይም፤ ግን ትንሽ ጥቅም አይደለም።

መሪጌታ የተናገሩት

«አዲስ ግጥም የፈረንጅ ነው» ለሚለው ክስ መልስ የመጣው ካልጠበቅነው ሰው ነው። ከስድስታችን አንዱ በጎጃም ቅኔ ቤት የከረሙ መሪጌታ ናቸው። ሌሎቻችን ስንከራከር እሳቸው ቡናቸውን እየጠጡ ያዳምጡ ነበር። በመጨረሻ ጋሼ «መሪጌታ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቋቸው።

መሪጌታ የነገሩን በቅኔ ቤት አለመረዳት ነውር እንዳልሆነ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ ወደ ረጃጅሞቹ፣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የሰማውን ቅኔ ወዲያው አይፈታውም፤ ይዞት ያድራል። ሰሙ ላዩ ላይ ነው፤ ወርቁ ከሥር ነው፤ ወርቁን ለማውጣት መቆፈር ግድ ነው። ቅኔ ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱን ዛሬ የራሴ ብሎ ማቅረብ ያሳፍራል። እንግዲህ ከባድ ንግግርም፣ ሁልጊዜ አዲስ የመፍጠር ግዴታም ለዚህ አገር እንግዳ አይደሉም።

ነገር ግን መሪጌታ አንድ ልዩነት አሳዩን፤ የዕለቱ ትልቁ ትምህርት እሱ ነበር። በቅኔ ውስጥ ወርቅ መኖሩን ሁሉም ያምናል። ሰሚው የሚለፋው ሀብቱ እዚያ እንዳለ አውቆ ነው፤ መምህሩም አጠገቡ ነው። አዲሱ ግጥም ግን አንባቢውን ብቻውን ያስቀምጠዋል። ወርቁ አንድ ይሁን፣ ሦስት ይሁን፣ ወይስ ነገሩ በሙሉ በድምፁና በሥዕሉ ውስጥ ይሁን የሚነግረው የለም። ስለዚህ አንባቢው የሚያጣው ችሎታ ሳይሆን እምነት ነው። «ብለፋ ከሥሩ የሆነ ነገር አገኛለሁ?» ብሎ ይጠራጠራል። ገጣሚው ይህን እምነት በመጀመሪያዎቹ ገጾች ማግኘት አለበት፤ አንድ የጠራ ሥዕል፣ አንድ በትክክል የተቀመጠ ቃል ለአንባቢው እንደ መያዣ ይሆንለታል። አንባቢውም በበኩሉ ያን መያዣ ካየ በኋላ ቀሪውን በዱቤ ሊያነብ ይገባዋል።

ቃሉን የምታውቀው አንባቢ

ነርሷ የተወለደችው ወለጋ ነው። የሁለተኛውን መድበል ርዕስ ስንጠቅስ ፊቷ በራ። «ወለሎ» ማለት በአፋን ኦሮሞ ግጥም ማለት ነው። ሌሎቻችን «ወለሎታት» የሚለውን ስንሰማ እንግዳ፣ ምናልባትም ግእዝ ቀመስ ቃል መስሎን ነበር። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ቃል ነው፤ በሠርግና በበዓል ሲባል ሰምታዋለች።

ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። እስከዚያ ድረስ «አልገባኝም» ባይዋ እሷ ነበረች፤ አሁን አስረጂዋ እሷ ሆነች። ገጣሚው ለሥራው «ግጥም» የሚለውን ስም ትቶ ከሌላው የአገሩ ቋንቋ ስም ሲያመጣ፣ በአማርኛ ሕግ ብቻ አትለኩኝ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ባሕር ማዶ ስንፈልገው የነበረው አዲስነት ግማሹ ከወለጋ ኖሯል! አንድ አንባቢ ብቻውን ቢያነብ ይህን ላያገኝ ይችላል። ስድስት ሰው አንድ ላይ ሲያነብ ግን የአንዱ ድንቁርና የሌላው እውቀት ነው።

አንድ ደብዳቤ

የመጀመሪያ መድበል ዕጣ በአንድ አንባቢ ምላሽ ሊወሰን እንደሚችል የሌላ አገር ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1855 ዋልት ዊትማን የተባለ የብሩክሊን ሰው አሥራ ሁለት ግጥሞች የያዘች «የሣር ቅጠሎች» የተባለች መጽሐፍ በራሱ ወጪ አሳተመ። ስንኞቹ ረጃጅም ነበሩ፣ ቤት አይመቱም፣ የእንግሊዝኛን የተለመደ ምጣኔ አይከተሉም። ከገምጋሚዎች አንዳንዶቹ በቁጣና በጸያፍ ቃል ተቀበሉት። ዊትማን ራሱ ስሙን ደብቆ መጽሐፉን የሚያሞግስ ግምገማ እስከ መጻፍ ደረሰ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ የተከበረው ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ለማያውቀው ገጣሚ የአድናቆት ደብዳቤ ጻፈለት። ዊትማን ደብዳቤውን ሳያስፈቅድ በጋዜጣ አወጣው፤ በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው ሁለተኛ እትም የጥራዝ አከርካሪ ላይም ከደብዳቤው አንድ ሐረግ በወርቅ ቀለም አስጻፈ። መጽሐፉን ዕድሜ ልኩን ሲያሰፋውና ሲያርመው ኖረ። ደብዳቤው ባይመጣም ይጽፍ ነበር ይሆናል፤ ሆኖም አንድ ሰው በጥሞና አንብቦ «አየሁህ» ማለቱ ምን ያህል ኃይል እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ምላሹ የት ሄደ?

በእኛ ባህል ሰሚ ዝም ብሎ አያውቅም። በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ሲዘረፍ ተቀባይ አለው። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ይመልሰዋል። በለቅሶ ቤት አልቃሿ ስታወርድ ሐዘንተኛው ይከተላታል። በየትኛውም ቦታ ግጥም በሁለት ሰው መካከል የሚቆም ነገር ነው። መጽሐፍ ሲመጣ ገጣሚው በአንድ ቤት፣ አንባቢው በሌላ ቤት ቀረ፤ «ይደገም!» የሚለውም ድምፅ ጠፋ።

ዛሬ አንድ ወጣት የመጀመሪያ መድበሉን ብዙውን ጊዜ በራሱ ወጪ፣ ከወዳጅ ዘመድ ተበድሮ ያሳትማል። የምረቃ ቀን ይደረጋል፤ አዳራሹ ይሞላል፤ ምስጋናው ይጎርፋል፤ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ዝምታ ነው። ጥሩም መጥፎም የሚል አይመጣም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በራስ ሆቴል ሲቀርብ የቆየው «ግጥም በጃዝ»ን የመሰሉ መድረኮች የሰሚውን ጭብጨባ መልሰውልናል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) አዳራሽ የሚደረጉ የመጽሐፍ ውይይቶችም አሉ። ሆኖም ጭብጨባ መድረክ ላይ ለሚያምር ነገር ይበዛል። ገጽ ላይ ቀስ ብሎ የሚከፈት፣ በሦስተኛው ንባብ ብቻ የሚገባ ግጥም ሌላ ዓይነት ምላሽ ይፈልጋል፤ የተጻፈ፣ ስንኙን ጠቅሶ የሚሞግት ምላሽ።

ምላሽ ለመስጠት ሐያሲ መሆን አያስፈልግም። ድምፅን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ማንበብ ይበቃል፤ አንዴ ለትርጉም፣ አንዴ ለትንፋሽ። ስንኙ የተቆረጠበትን ቦታ ማየት፣ እዚያ ባይቆረጥ ምን ይቀየር ነበር ብሎ መጠየቅ ነው። ቁርጡ ምንም የማይጨምር ከሆነ ጥፋቱ የገጣሚው ነው፤ ይህንንም በድፍረት መናገር ይገባል። አዲስ ስለሆነ ብቻ የሚመሰገን ግጥም አሮጌ ስለሆነ ብቻ ከሚመሰገነው አይሻልም። ስንፍናውን «ሙከራ» ብሎ የሚሸፍን ጸሐፊ አለ፤ እሱን ከእውነተኛው የሚለየው በትዕግሥት ያነበበ ሰው ብቻ ነው። «አልገባኝም» ስንልም የትኛው ስንኝ፣ የትኛው ቃል እንዳልገባን እንጥቀስ። «በአሥራ ሁለተኛው ገጽ፣ በሦስተኛው ስንኝ ላይ ጠፋሁ» የሚል አንባቢ ለገጣሚው ከመቶ «በርታ» ይበልጥበታል።

ከመበታተናችን በፊት

ሊመሽ ሲል በረካው ተጠጣ። ወጣቱ ከቦርሳው አንድ የወረቀት ክምር አወጣ፤ የራሱ የመጀመሪያ መድበል ረቂቅ ነው። ለወራት ይዞት ሲዞር ቆይቷል፤ ለማንም አላሳየም። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ፣ የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ፣ መልሰው አነበቡት። ከዚያ ከአንድ ስንኝ ጎን ትንሽ ምልክት አድርገው ከሥሩ «እዚህ ለምን ቆምክ?» ብለው ጻፉ።

ጋሼ ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ቤት የማይመታ ነገር ሙሉ ግጥም ነው ብለው እስካሁን አያምኑም፤ ሲወጡም ይህንኑ ደግመው ነገሩን። ልጁ ግን ያቺን በእርሳስ የተጻፈች ጥያቄ ሲያያት ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር በየትኛውም የምረቃ አዳራሽ ካየሁት ደስታ ይበልጣል። የሚቀጥለው ስብሰባችን የእሱን ረቂቅ ለማንበብ ተቀጠረ።

በእርስዎም ቤት ውስጥ ያልተነበበ የአንድ ወጣት የመጀመሪያ መድበል ይኖር ይሆናል፤ በምረቃ ዕለት ገዝተውት፣ ፊርማ አስፈርመውበት የተቀመጠ። ዛሬ ማታ ያንሡት። አንዱን ግጥም ብቻ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት። ካልገባዎት «ይደገም» ብለው መልሰው ያንብቡ። ከዚያ እርሳስ ይያዙና የተሰማዎትን ይጻፉ፤ የጻፉትንም ለገጣሚው ይላኩለት። እየጠበቀ ነው።